ሚሊሜትር የደበቀው ቁስል

ሰፈሩ ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ዕድሜዋን በጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል የጨረሰች አዋላጅ ናት። መንገድ ላይ ይዘዋት ቆመው፣ ጢም ያወጣ ጎረምሳ እያሳዩ፣ "ይኸውልሽ፣ በእጅሽ ላይ የተወለደው!" የሚሏት እናቶች ብዙ ናቸው። አፏ አያፍርም። ወጣት ሚስቶች ለእናታቸው ያልነገሩትን ለሷ ይነግሯታል። እሷም ጓንቷን እያወለቀች፣ "ምን ያሽኮረምምሻል፣ ይኼ እኮ ከአፍንጫ አይለይም" ብላ የሚጠየቀውን ጠይቃ የሚመከረውን ትመክራለች።

ባሏ አናጢ ነው። ሚሊሜትር የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት አንድ ደንበኛው ነው አሉ። ገጥሞት የሄደውን የቁም ሳጥን በር ተመልሶ መጥቶ፣ "ተዛብቷል" ብሎ ሊነቅለው ሲነሳ፣ ሰውየው "ኧረ ጋሼ፣ ሚሊሜትር እንኳ አትሆንም!" ቢለው፣ "ሚሊሜትርም ከሆነች ተዛብቷል" ብሎ ነቀለው። ስሙ እንደ ኮላ ተጣብቆ ቀረ። ወርክሾፑ ከቤታቸው ጓሮ ነው። ፀጉሩ ውስጥ ሁልጊዜ የእንጨት ብናኝ አይጠፋም። ዝምተኛ ነው። "እሷ የሁለት ሰው ታወራለች፣ እሱ የሁለት ሰው ዝም ይላል" ይሏቸዋል ጎረቤቶቻቸው። በቤት ውስጥ እሱ "እናቷ" ይላታል፣ እሷ "አባቷ" ትለዋለች። አንዲት ልጅ ወልደው ድረው ሌላ ከተማ ልከዋል።

ከአራት ዓመት በፊት ሚሊሜትር የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘበት። በጊዜ ስለተደረሰበት ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ዳነ። ሐኪሙ ግን ከመቅደዱ በፊት እንዳስጠነቀቃቸው፣ በዕጢው ዙሪያ ያሉት ነርቮች ተጎድተው ኖሮ የወንድነቱ ነገር እንደ ድሮው አልመለስ አለ። ክኒን ዋጠ፤ ያተረፈው ራስ ምታት ብቻ ነው። የሚወጋ መድኃኒት አዘዙለት፤ አንዴ ሞክሮት ሁለተኛ አልነካውም።

ከእነዚያ ያልተሳኩ ሙከራዎች ባንዱ፣ ሚሊሜትር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲተኛ፣ ሲስተር ጀርባውን እየዳሰሰች፣ "ተወው አባቷ። ምንም አይደለም። አንተ በሕይወት መኖርህ ለኔ ይበቃኛል" አለችው። ከልቧ ነበር። እሱ ምንም አልመለሰላትም። በዚያው ሳምንት ግን፣ "ማንኮራፋቴ እንቅልፍ ይነሳሻል፣ አንቺ ተረኛ ነሽ" ብሎ ልጃቸው ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ትራሱን ይዞ ሄደ። ሲስተርም አልተከራከረችም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የነሱ ዝምታ ግን ከውስጥ እየነቀዘ ነበር። ጠባቧ ማድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ፣ ትከሻቸው እንዳይነካካ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ሌላውን ያሳልፋል። ልብስ ሲቀይሩ በር ይዘጋሉ። ምግብ ላይ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ጣውላ መወደድ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይነጋገራሉ። ከውጭ ለሚያያቸው ፍቅራቸው የሚያስቀና ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ቀን ሚሊሜትር "አንድ አዲስ ሆቴል በሮች ሊያስገጥመኝ ነው። ሌላ ከተማ ነው፤ ጥቂት ቀን እቆያለሁ" አላት። ታክሲ ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሙ መጥቶ ወሰደው። ሲመለስም ያው ወንድሙ ነው ደግፎ ያስገባው። "ጣውላ ሲያወርድ ወገቡን ቀጨው" አለ ወንድምየው፣ ዓይኗን ሳያይ።

ሲስተር ባሏ ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ አየችው። ወገቡን የታመመ ሰው እንዲህ አይራመድም። እንዲህ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ መሬቱ እንደ እንቁላል እንዳይሰበር የሚረግጡትን በየቀኑ ታያለች፤ ከታች የተሰፉ ሴቶች ናቸው።

ካንሰሩ ተመልሷል አለች በልቧ። ደብቆኝ ሊሞት ነው።

መጠየቅ ፈራች። ሌላውን ሁሉ የምትጠይቅ ሴት ይህችን አንዲት ጥያቄ አንስታ መልሱን መስማት ፈራች። "ወገብህን ልይልህ" ስትለው፣ "ይሻለኛል" ይላል። የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፎ የማያውቅ ሰው አሁን ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር ትሰማለች። ወርክሾፑ ተዘግቶ ሰነበተ። ሥራ ቦታ ሆና ስልክ ስትደውልለት "ደህና ነኝ" ይላል፤ ድምፁ ግን እንደ ደህና ሰው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ለሥራ ለባብሳ ሻይ ስታቀብለው ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ስብርባሪውን ልትለቅም ጎንበስ ስትል ጉልበቱን ነካችው። ጉልበቱ በሱሪው ላይ እንኳ ያቃጥላል።

"ትኩሳት አለህ።"

"ብርድ ነው።"

"ብርድ አይደለም። ተነስና ልብስህን አውልቅ።"

"ተዪኝ አልኩሽ።"

"አውልቅ!"

"ሲስተር አትሁኚብኝ!" ብሎ ጮኸ። በትዳራቸው ሙሉ በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም።

"ሲስተር ካልሆንኩብህ መበለት ልሆንብህ ነው!" አለችው።

ሚሊሜትር መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ሻይ እያየ ቀበቶውን ፈታ።

ያየችው የጠበቀችውን አልነበረም። ከብልቱ ሥር አጭር ስፌት አለ። ዙሪያው ቀልቶ አብጧል፤ ባንዱ ጫፍ መግል ቋጥሯል። ካንሰር ይህን አይመስልም። ጎንበስ ብላ ስታይ ብልቱ ራሱ የማታውቀው ቅርጽ ይዟል።

"ምንድን ነው ይኼ? ምን አስደረግህ?"

ግድግዳውን እያየ ነገራት። የሄደው በር ሊገጥም አልነበረም። አንድ ሐኪም ብልቱ ውስጥ ሁለት ለስላሳ ቱቦዎች፣ ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ የያዘች ከረጢት፣ ከታች ደግሞ በእጅ የምትጨመቅ ትንሽ ፓምፕ ተክሎለታል። ሲያስፈልግ ፓምፗን ሲጫኗት ፈሳሹ ወደ ቱቦዎቹ ይገባና ብልቱ ይቆማል፤ ሲበቃ ይመለሳል። ሲድን ሊነግራት አስቦ ነበር።

"ማን ያውቃል?"

"ወንድሜ ብቻ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በራሷ ባል ገላ የሆነውን ታክሲ ነጂ ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። ደሟ ፈላ። ግን መግል እያየች የምትቆጣ ሴት አይደለችም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብላ ስንት እርጉዝ መክራለች። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችና ለወንድምየው ደወለች። "ታክሲህን ይዘህ ና። አሁን!"

መንገድ ላይ ወንድምየው በመስታወቱ እያያት፣ "እትዬ፣ እኔ እኮ..." ብሎ ሲጀምር፣ "መንገዱን እይ" አለችው። እሱም መንገዱን አየ።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ሐኪም ቁስሉን ገልጦ አየና ግንባሩን ቋጠረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ባለቤታቸው ነዎት? ሥራ በዝቶባት ነው እንጂ ሁሉን ታውቃለች ብለውኝ ነበር" አለ።

ሲስተር ባሏን አየችው። ሚሊሜትር ዓይኑን ጨፈነ።

"አሁን ግልጽ ልሁንላችሁ" አለ ሐኪሙ። "ኢንፌክሽኑ ቆዳው ላይ ብቻ ከሆነ በመድኃኒት ይድናል። ወደ ውስጥ ዘልቆ መሣሪያውን ከነካው ግን ምርጫ የለንም፣ ይወጣል። ከወጣ ደግሞ ውስጡ በጠባሳ ይጣበቃል፤ ሌላ መትከል በጣም ይከብዳል። መድኃኒቱን በደም ሥር ሰጥተን እስከ ነገ ወዲያ ማየት እንችላለን። ወይም አደጋው ይቅርብን ካላችሁ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።"

ሚሊሜትር ከትራሱ ቀና አለ። "እናቷ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

"አሁን ነው የምትጠይቀኝ?" አለችና ወጥታ ሄደች።

ከኮሪደሩ ጫፍ፣ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ባለው መስኮት አጠገብ ቆመች። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ወንድምየው ታክሲውን ተደግፎ ይታያል። ምን እንደምትል ልቧን ጠየቀችው። ልቧም መለሰላት፤ መልሱ አስደነገጣት። ይውጣ፣ አለ ልቧ። ይውጣና እፎይ እንበል።

ይህ ስሜት ዛሬ የመጣ አልነበረም። ካረጠች ጀምሮ፣ ከባሏ ካንሰር በፊት ገና፣ መገናኘቱ ያማት ነበር። ገላዋ ደርቆ፣ እንደ ቢላ የሚቆርጥ ሕመም። ጥርሷን ነክሳ ታሳልፈዋለች። ለሌሎች ሴቶች ቅባቱንም ማለስለሻውንም እያዘዘች፣ "ለባልሽ ንገሪው፣ አይበላሽም" እያለች፣ ለራሷ ሲሆን ምላሷ ታሠረ። ከዚያ ካንሰሩ መጣ፣ ሁሉም ነገር ቆመ። አልቅሳለች፤ ባሏ ከአልጋዋ ሲሄድ አንጀቷ ተቆርጧል። ግን ከልቅሶው ሥር አንድ ዕረፍት ነበር። ያንን ዕረፍት ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለራሷም ቢሆን።

ተመልሳ ገባች። "ይጠበቅ" አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ነርሷ የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ከበበችው። ቅላቱ መስመሩን አልፎ ከሄደ ኢንፌክሽኑ እየተስፋፋ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሸሸ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ከዚያ ወዲያ የሁለቱም ዓይን ያችው ሰማያዊ መስመር ላይ ሆነ። ሲስተር ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከአልጋው ጎን ተቀመጠች። ጨርቁን ገልጣ ባየች ቁጥር እሱ ጣሪያውን እያየ፣ "ስንት ሚሊሜትር?" ይላታል።

"ያው ነው።"

በመጀመሪያው ቀን ማምሻ ላይ ግን ያው አልነበረም። ቅላቱ በታችኛው በኩል መስመሩን ረግጦ ጣት የሚያህል ወጥቷል። ትኩሳቱም አልበረደም። ሐኪሙ አየና፣ "ጠዋት ምግብ እንዳይቀምሱ። ምናልባት እንገባለን" ብሎ ወጣ።

በመጋረጃ የተከለለ ጎረቤት በሽተኛ ያቃስታል። ሲስተር ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀኑን ሙሉ ያፈነችውን አወጣችው።

"ለማን ብለህ ነው?"

"ላንቺ።"

"እኔ ጠየቅሁህ?"

"አልጠየቅሽም።" ከንፈሩ ደርቋል፤ ቃሉ እየተንጠባጠበ ይወጣል። "እኮ! አልጠየቅሽም። 'በሕይወት መኖርህ ይበቃኛል' አልሽኝ። ትዝ ይልሻል? እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበቃ ሰው ሆንኩ። እንደ ቁም ሳጥን። ቤት ውስጥ መቆሙ ይበቃል፣ ማንም አይከፍተውም።"

"እኔ... ላጽናናህ ብዬ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው መልስ ያጣሁት።"

ሲስተር አፏን ከፈተች። አሁን ንገሪው አላት ልቧ፣ የራስሽን ንገሪው። ግን ሰውየው በትኩሳት ይነዳል፣ ጠዋት ሊቀደድ ይችላል። አፏን መልሳ ዘጋችና ፎጣ አርጥባ ግንባሩ ላይ አደረገች። እጁን ወደ እጇ ሲያመጣ አልሸሸችም። አልጨበጠችውምም።

ጠዋት ነርሷ ጨርቁን ስትገልጥ ሲስተር ለማየት አቅም አጣች፤ ያን ሁሉ ዓመት የደም ጎርፍ ያየች ሴት ፊቷን አዞረች። "ኧረ ይምጡ እትዬ" አለች ነርሷ። ቅላቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። እብጠቱ ጎደል ብሏል። ትኩሳቱም ወርዷል። ሐኪሙ ከላይ ከታች በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ፈተሸና፣ "ቆዳው ላይ ነበር። ተርፏል" አለ።

ሚሊሜትር እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲስተርም አለቀሰች፤ እሷ ግን ለምን እንደምታለቅስ እርግጠኛ አልነበረችም።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪሽር ሳምንታት ወሰደ። ሚሊሜትር ወደ ልጃቸው ክፍል ተመለሰ። ሲስተር ጠዋትና ማታ ፋሻውን ትቀይርለታለች፤ ሥራዋን ጨርሳ ትወጣለች። ቁጣዋ በርዷል፤ አሁን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። መሣሪያው የሚሞከርበት ቀን እየቀረበ ነው።

መሣሪያውን የሚያስተምሩበት ቀጠሮ ሲደርስ አብራው ሄደች። አስተማሪዋ ነርስ ጠረጴዛ ላይ ባለ ናሙና ፓምፗን እንዴት እንደሚጫን፣ ፈሳሹን ለመመለስ ደግሞ ከፓምፗ አናት ያለችውን ጉብታ እንዴት ፈልጎ ይዞ እንደሚቆይ አሳየችው። ሚሊሜትር እንደ አዲስ መሰርሰሪያ አገላብጦ መረመረው። ነርሷ ወደ ሲስተር ዞር ብላ፣ "እርስዎስ፣ የሚጠይቁት አለ?" አለቻት።

"የለም" አለች ሲስተር።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይኼ መሣሪያ ማቆም ነው የሚያውቀው። መፈላለጉን እናንተ ናችሁ የምታመጡት። አትቸኩሉ።"

ሚሊሜትር ግን ትምህርቱን የያዘው ልክ እንደ ሥራው ነው። በየቀኑ ተለማመደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ የመኝታ ቤቷን በር አንኳኳ። የገዛ ሚስቱን በር! ሰውየው ለፈተና የቀረበ ይመስላል። እምቢ የሚል አንጀት አጣች።

መሣሪያው ሠራ። እንደተባለው ሠራ። እሷ ግን አልጋው ላይ እንደ ሳንቃ ደርቃ ተኛች፤ ሕመሙ እንደምታውቀው መጣ፣ ብሶም መጣ። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ነከሰች። ቶሎ ይለቅ ብላ ስትጸልይ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ዓይኗን ስትገልጥ ባሏ ፊቷን እያየ ነው።

"አስጠላሁሽ" አለ።

"አይደለም..."

"እንደ ማሽን ሆኜብሽ ነው። አየሁት እኮ፣ ፊትሽ ላይ አየሁት!"

ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ አዛንፎ እየለበሰ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከጓሮ የመላጊያ ማሽኑ ጩኸት ተሰማ። ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጩኸቱን ሰማች። ዛሬ ካልነገረችው መቼም እንደማትነግረው ገባት። ሰውየው ዳግመኛ በሯን አያንኳኳም። ቀሪ ዕድሜያቸውን ጣውላ ተወደደ፣ ቧንቧ አንጠባጠበ እያሉ ሊጨርሱት ነው።

ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። ገብታ የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። ብናኙ አየር ላይ ቀረ።

"ያመኛል" አለች።

"ምኑ? መሣሪያው?"

"መሣሪያው አይደለም። ከድሮ ጀምሮ ያመኛል። ካረጥኩ ጀምሮ። አንተ ከመታመምህም በፊት።"

ሚሊሜትር የያዘውን ሳንቃ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። "ከመታመሜ በፊት?"

"አዎ።"

"እና ዝም ብለሽ..."

"ዝም ብዬ።"

"አንቺ!" አለ፤ ድምፁ ከፍ ማለት ጀመረ። "የአገሩን ሴት ሁሉ የምታናግሪ! እኔ አራት ዓመት ሙሉ 'ጎደልኩባት' እያልኩ ራሴን ስበላ፣ አንቺ ተገላግለሽ ነበር?"

ሲስተር መዋሸት ትችል ነበር። "ከሕመሙ፣ አዎ" አለች። "ሐኪሙ ላውጣው ሲልም በልቤ ይውጣ ብያለሁ። እንግዲህ ስማው። ካንተ ግን አልተገላገልኩም። ትራስህን ይዘህ ስትወጣ እኔ ነኝ የጎደልኩበት ብዬ ነው ያለቀስኩት። ጀርባህን ካሸሁልህ ስንት ጊዜዬ ነው? ማድ ቤት ውስጥ እንኳ እንደ እሾህ ትሸሸኛለህ!"

"አንቺ ነሽ የምትሸሺው።"

"አንተ ነህ!"

"ግድግዳውን ማን ይደገፋል?"

"ሁለታችንም!" ብላ ጮኸች። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት መጥረጊያ ድምፅ ቀጥ አለ። መጥረጊያው እንደገና ሲጀምር ሚሊሜትር የመጋዝ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ቁልፉ የተዛነፈ ሸሚዝ ለብሶ፣ ያ ሁሉን የሚለካ ሰው፣ አንጀት ይበላል።

"እንግዲያ ላስወጣው?" አለ።

"አስወጣ ያለህ የለም።"

"ምን ላድርግ ታዲያ? ንገሪኝ። እኔ እንጨት እንጂ ሰው ማንበብ አላውቅበትም።"

"እኔም የሌላ ሰው እንጂ የራሴን አላውቅበትም" አለች። አጠገቡ ቁጭ አለች። ትከሻቸው ተነካካ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እሑድ አልፎ፣ ሰኞውንም ሳትደፍር አሳልፋ፣ ማክሰኞ ሲስተር ራሷ ያሠለጠነቻት ወጣት አዋላጅ ክፍል ገባች። በታካሚዋ ወንበር ቁጭ ብላ ስለ ጓንት እጥረት፣ ስለ ተረኞች፣ ስለ አየሩ አወራች። ልጅቷ ጠብቃ ጠብቃ፣ "እትዬ፣ ምን ሆነው ነው የመጡት?" አለቻት። ሲስተር ፊቷ ቀላ። ልጅቷ በሩን ዘጋችና፣ "ምን ያሽኮረምምዎታል፣ ይኼ እኮ ከአፍንጫ አይለይም" አለቻት። ሲስተር ሳቀች፤ እየሳቀችም ነገረቻት። ማታ ማታ የሚቀባ ቅባትና ማለስለሻ ይዛ ወጣች። ቤት ደርሳ ሁለቱንም ሳትደብቅ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠቻቸው።

ሚሊሜትር ትራሱን ይዞ ተመለሰ። ለጊዜው ፓምፗን ማንም እንዳይነካ ተስማሙ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ፤ እንደ ሁለት የአውቶቡስ ተሳፋሪ እጃቸውን ሰብስበው ይተኛሉ። ማንኮራፋቱም ለካ ሰበብ ብቻ አልነበረም፤ በክርኗ ትጎሽመዋለች። ሥራ ላይ ቆማ ውላ ስትመለስ እግሯን እያሸ፣ የት ላይ እንደሚያማት፣ የት ላይ ደስ እንደሚላት ይጠይቃታል። መጀመሪያ "እኔ እንጃ" ትል ነበር። እየቆየ፣ "ትንሽ ወደ ላይ" ማለት ጀመረች። አንዳንድ ቀን በትንሹ ነገር ይኮራረፋሉ፤ እሱ ፊቷን እያየ "አመመሽ?" እያለ ያሰለቻታል፣ እሷ "ሲያመኝ እነግርሃለሁ፣ አትመርምረኝ!" ትለዋለች። ዋናው፣ ሲያማት መናገሯ ነው። "አሁን አቁም" ስትለው እንደማይሰበር አየች። እሱም ማቆም መባረር እንዳልሆነ አየ።

ጊዜ ወስዶ፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ "እስቲ እንሞክር" ያለችው እሷ ናት። ቀስ አሉ። ፓምፗን እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ እሷ ጫነቻት። መሐል ላይ ስልክ ጮኸ፤ ልጃቸው ናት፣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ትንሽ አመማት፣ ነገረችው፣ ቆዩ፣ ቀጠሉ። የወጣትነታቸውን አይመስልም ነበር። ግን እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ጭንቁ የመጣው በኋላ ነው። ሚሊሜትር ፈሳሹን የምትመልሰዋን ጉብታ ፈልጎ አጣት። ጣቱ ይንሸራተታል። ላብ አጠመቀው። "እናቷ፣ አይመለስም! ተበላሽቷል! እንዲህ ሆኜ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው? ወንድሜ ታክሲ ውስጥ..."

"አትደንግጥ። ተጋደም" አለችው። "በአፍህ ተንፍስ። በረጅሙ። ጎበዝ! አሁን እንዳትገፋ።"

"ምን እንዳልገፋ?"

ሁለቱም እኩል ገባቸው። ያን ጊዜ የመጣባቸው ሳቅ አልጋውን አንቀጠቀጠው። ሲስተር እንባዋን እየጠረገች በጣቷ ቀስ ብላ ፈለገች፣ አገኘቻት፣ ይዛ ቆየች። ፈሳሹ ተመለሰ። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"ምነው አታነሱም? ደህና ናችሁ?" አለች ልጃቸው።

"ደህና ነን። አባትሽ አንድ ዕቃ ጠፍቶበት ስንፈልግ ነው።"

"አገኛችሁት?"

"አገኘነው" አለ ሚሊሜትር ከኋላ፣ ሳቁ እያፈነው።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለት አይቻልም። ሕመሙ የሚመለስበት ሳምንት አለ፤ ያኔ እግር ማሸት ብቻ ይሆናል። ከወንድምየው ጋር ያላት ኩርፊያ ገና ሙሉ በሙሉ አልበረደም። ሚሊሜትርም አንዳንዴ የልማዱን ለሰዓታት ዝም ይላል፤ ሲስተር ግን አሁን አትተወውም፣ "ምን እያሰብክ ነው?" ብላ ትቆፍረዋለች፣ እሱም ወይ ይናገራል ወይ "እንጨት ነው" ይላታል፣ እውነትም አንዳንዴ እንጨት ነው።

ትናንት እራት በልተው ሳህን ሲያነሱ፣ እሱ ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ ብርጭቆ እያለቀለቀ ጠየቃት።

"ነገ የጠዋት ተረኛ ነሽ?"

"አይ፣ ከሰዓት ነኝ።"

"እንግዲያ ጠዋት አለን" አለ።